ምላጭ ያስቀመጥኩባቸው ወራት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? የቀዶ ጥገናው ቁስል ጠገገልሽ ወይ? ክንድሽን ወደ ላይ ማንሳት ጀመርሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብ ይቀርብሻል? ባለቤትሽ ጋሼ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ የምታስተምሪያቸው ሕፃናት ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም። ይህን ሁሉ ስጠይቅሽ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደ ልማድሽ «ሁሉም ደህና ነው፣ ስለኔ አታስብ» ብለሽ በሁለት መስመር እንዳትሸኚኝ። ባለፈው እሑድ ልጅሽ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች።

እንዳትቆጪያት አደራ። ልጅ ለእናቷ ስትል ምስጢር ብታወጣ አይፈረድባትም። «አጎቴ፣ ዕጢው በደንብ ወጥቶላታል፣ ሐኪሞቹም ኬሞ ትጀምር ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋታል፣ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች» ብላ ስታለቅስ ልቤ ተነካ። አንቺ ደግሞ «ተቆርጦ ወጥቷል፣ ከዚህ ወዲያ በመርዝ መሞት አልፈልግም» ማለትሽን ሰማሁ። ቀጠሮሽ ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ እንደሆነም ሰማሁ። በስልክ ላነጋግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን እኔንና አንቺን ታውቂናለሽ፣ ተላቅሰን ሳንነጋገር እንዘጋዋለን። ደብዳቤ ግን አያቋርጡትም። ብትቆጪ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ወርውረሽው ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ካንሰር ታምሜ ነበር። አንቺ አልወስድም ያልሽውን መድኃኒት፣ የአንቺው ራሱ ባይሆን የቅርብ ዘመዱን፣ ስድስት ዙር ወስጃለሁ። ይኸው አለሁ፤ ትናንት ብቻ አሥራ አንድ ሰው ፀጉር ቆርጫለሁ።

እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እናትም አባትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ ልጅ ይህን ያህል ነገር ደብቆሽ መኖሩ እንዴት እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ያኔ ስትደውዪ «ምነው አፍህ ተኮላተፈ?» ብለሽኝ «ጥርሴን አሞኝ ነው» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? አንድ ወር ሙሉ «ንቀለው! አንተ ፈሪ፣ ንቀለውና ተገላገል!» ስትዪኝ ከረምሽ። ባለቤቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ እየሰማች ትስቅም ታለቅስም ነበር። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ እሷማ «ንገራት» ብላ ነዝንዛኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ስትቆጪ እኔን ብቻ ተቆጪ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ደንበኛ ሳይመጣ የሱቁ መስተዋት ፊት ቆሜ የራሴን ፂም ስላጭ፣ ከግራ መንጋጋዬ በታች ምላጩ አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ወረደ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አንገት ሲላጭ የኖረ እጅ እብጠት አያመልጠውም። ግን ንፍፊት ይሆናል፣ ብርድ ይሆናል እያልኩ አምስት ሳምንት ገፋሁት። አያምም ነበር፤ አለማመሙ ነው ያዘናጋኝ። አብሮኝ የሚሠራውን ፀጉር አስተካካይ «ሬዲዮ» እንለዋለን፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ ስለማይዘጋ። አንድ ቀን ሲያየኝ ሲያየኝ ቆየና «አለቃ፣ ይሄ ነገር በየሳምንቱ እያደገ ነው፤ ወይ አንተ ለሐኪም ታሳየዋለህ፣ ወይ እኔ ለደንበኛው ሁሉ አሳየዋለሁ» አለኝ። ሬዲዮ ደግሞ ካለ አለ ነው። በማግስቱ ሄድኩ።

ናሙና ወሰዱ፣ ከዚያ ሌላ ምርመራ፣ ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ ልጄ ልትሆን ምንም ያልቀራት አንዲት ወጣት ዶክተር እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ «የሊምፍ ካንሰር ነው» አለችን። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግራለች፤ እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል ከሰማሁ ወዲያ ጆሮዬ ተደፈነ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አያለሁ፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ቤት ደርሰን ነው ባለቤቴ የቀረውን የነገረችኝ፤ «ለመድኃኒት እጁን የሚሰጥ ዓይነት ነው ብላለች፣ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ብላለች፣ ከባድ ነው ግን እናግዝሃለን ብላለች» አለችኝ። ስለዚህ እትዬ፣ ዶክተርሽ ዘንድ ብቻሽን አትግቢ። የታመመ ሰው ጆሮው ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ይዞልሽ የሚገባ ሰው ያስፈልግሻል።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት አሥር ቀን ሰጡኝ። እኔ አሥሩን ቀን ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያ ለማየት አስቤ ነበር፤ የኬሞ ክፍሏ ሲስተር ግን መች አስተኝታኝ! መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። «ጦርነት የሚሄድ ሰው ጫማውን አስቀድሞ ነው የሚያየው» አለችኝና ወደ ጥርስ ሐኪም ላከችኝ። መድኃኒቱ ሲጀመር አፍ ስለሚቆስልና ደም ስለሚቀንስ፣ የተበላሸ ጥርስ ካለ ቀድሞ መታከም አለበት አለች። እናም አንዷን አስነቀልኩ። ስለዚህ ስለ ጥርሴ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ሩቡ እውነት ነው። ልቤንም አዩት፣ ደሜንም ደጋግመው መረመሩት። የምወስደውን ነገር ሁሉ፣ ለጉንፋን የምጠጣውን ቅጠላ ቅጠል ሳይቀር እንድነግራት ጠየቀችኝ። «የሰፈር ሰው መድኃኒት ሲያመጣልህ አመስግነህ ተቀበል፣ ከዚያ ሳትጠጣው እኔን ጠይቀኝ» አለች። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ባለቤቴ ደግሞ ቤቱን አዘጋጀች። የሙቀት መለኪያ ገዛች፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ገዛች፣ የሆስፒታሉን ስልክ በትልቁ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ልጄ ባለ መስመር ደብተር ሰጠችኝና «አባዬ፣ የሚሰማህን ሁሉ በየቀኑ ትጽፋለህ፤ እዚያ ስትደርስ ስለምትረሳው» አለችኝ። ያ ደብተር እስካሁን አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት «ፈራሁ» የሚል ብቻ ነው።

ክፍሉን ልንገርሽ፣ ስታይው እንዳይከብድሽ። የሚያስፈራ ቦታ አይደለም። ሰፊ መስኮት አለው፣ የሚጋደሙ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ በየወንበሩ አጠገብ የጉሉኮስ መስቀያ ቆሟል። ስገባ የመሰለኝ የኔው ፀጉር ቤት ነው፤ የጎደለው መስተዋት ብቻ ነው። ለምን መስተዋት እንዳልሰቀሉ በኋላ ነው የገባኝ። ሲስተሯ መርፌውን ክንዴ ላይ ስታስገባ «ቢያቃጥልህ፣ ቢያብጥ፣ ወዲያው ጥራኝ፤ ወንድ ነኝ ብለህ ጥርስህን ነክሰህ እንዳትቀመጥ» አለችኝ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ እንደ ቀይ ቀለም ነው። «ሽንትህም ቀይ ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም» ብላ ነግራኝ ነበር። ባትነግረኝ ኖሮ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ኑዛዜ እጽፍ ነበር።

ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ አንድ ጎማ ጠጋኝ ነበር፤ እሱ አራተኛ ዙሩ ላይ ነው። እጁ እንደ ጎማው የጠቆረ፣ ቀልደኛ ሰው። ለቤት የሰጡኝን የማስመለስ መከላከያ ኪኒን አየና «ወንድሜ፣ ይሄን በሰዓቱ ዋጥ። ማስመለስ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ እንግዳ መሰለህ በር ላይ ቆመህ የምትቀበለው?» አለኝ። እሺ አልኩት፣ ቤቴ ገባሁ፣ በማግስቱ ምንም አልተሰማኝም። ታዲያ ጎበዝ ነኝ ብዬ ኪኒኑን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍርዴን አገኘሁ። የማስመልሰው ጠፍቶኝ ባዶ ሆድ ሲገለበጥ ዋለ። ባለቤቴ ባልዲውን ይዛ «ጎበዙ!» ትለኛለች። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም፤ ማቅለሽለሹ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ባልዲውን ግን አሰናበትነው።

ምግብም እንዲሁ ጥበብ ይፈልጋል። ሙሉ ሳህን ሲቀርብልኝ ገና ሳየው እጠግባለሁ። ባለቤቴ ይህን ስታውቅ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ትንሽ ትንሽ እያደረገች በየሁለት ሰዓቱ ታመጣልኝ ጀመር። ትኩስ ምግብ ሽታው ያባርረኛል፤ ቀዝቀዝ ሲል ግን ይገባል። ውኃ ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል፣ ማንኪያው ራሱ አፌ ውስጥ እንደ ሳንቲም ነው፤ የእንጨት ማንኪያ ስጠቀም ተሻለኝ። ከሁሉ የከፋው ምን መሰለሽ? የራሴ ሱቅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የተነፈስኩት ኮሎኝ ገና ከበሩ ሲቀበለኝ አንጀቴን ያገላብጠዋል። ሬዲዮ ጠርሙሶቹን ሁሉ ሰብስቦ ኋላ ክፍል ቆለፈባቸው። ደንበኞች «ምነው ዛሬ ሳትቀቡኝ?» ሲሉት «አለቃ ተፈጥሯዊ ሽታችሁን ወዷል» ይላቸዋል።

ፀጉሬ በአሥራ ሰባተኛው ቀን መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ትራሱ ላይ፣ ማታ አንገትጌዬ ላይ፣ ሳበጥረው ማበጠሪያው ላይ። እኔ በሕይወቴ ስንት ኩንታል ፀጉር ከወለል ጠርጌያለሁ፤ የራሴን ከትራስ ላይ መልቀም ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ቀን ቻልኩት፣ በሦስተኛው ቀን ሱቅ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ሬዲዮን «ላጨኝ» አልኩት። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። ቶንዶሱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። ከዚያ ሥራውን ጀምሮ እስኪጨርስ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሬዲዮ! እኔን ያስደነገጠኝ መላጣነቴ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሲጨርስ ራሴን በሁለት እጁ ይዞ መስተዋቱን አሳየኝና «አለቃ፣ የራስ ቅልህ ቆንጆ ነው፤ እስካሁን ምን ይደብቅህ ነበር?» አለኝ። አብረን ሳቅን፤ ከዚያ እሱ ወጣ ብሎ ዓይኑን ጠርጎ ተመለሰ።

አንቺ እንደኔ አትጠብቂ። የአንቺ ፀጉር ረጅም ነው፤ ረጅም ፀጉር በእፍኝ ሲወድቅ ልብ ይሰብራል። ሳይጀምር በፊት አጭር ብታደርጊው ይሻላል፤ ሹሩብሽን ማንም ባዳ እንዲነካው ካልፈለግሽ ደግሞ መቀሴን ይዤ እመጣለሁ። ተመልሶ ይበቅላል እትዬ። የኔ ሲመለስ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፤ ልጆቼ «አባዬ ካውያ አስደረገ» ብለው ስቀውብኛል።

አፌ የቆሰለው በሁለተኛው ዙር ነው። ምላሴ አብጦ፣ ድድና ጉንጬ ተልጦ፣ ቃል ማውጣት ያታክተኛል። ሲስተሯ ጨውና የዳቦ ሶዳ በለብ ያለ ውኃ በጥብጬ ከምግብ በኋላ ሁሉ እንድጉመጠመጥ ነገረችኝ፣ ሲብስ ደግሞ ዶክተሯ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አዘዘችልኝ። አንቺ «ንቀለው» ስትዪኝ የነበረው በእነዚህ ቀናት ነው።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ከሁሉ በላይ ልብ በይው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ብርድ ልብስ ደርቤ የትኩሳት ኪኒን ልውጥና ልተኛ ስል፣ ልጄ የሙቀት መለኪያውን ብብቴ ሥር አደረገችው። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት። «ትንሽ ነው፣ ነገ ይለቀኛል» አልኳት። «አባዬ፣ ከሆስፒታል የሰጡን ወረቀት ሠላሳ ስምንት ከሞላ ወዲያውኑ ደውሉ ይላል፤ ነገ አይልም» አለችኝ። ቆጣ አልኩባት። እሷ መልስ ሳትሰጠኝ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ነበርኩ። ነጭ የደም ሴሌ ወደ ምንም ወርዷል፤ ተራ ሰው የማይሰማው ኢንፌክሽን እኔን ሊጥለኝ ደርሷል። አራት ቀን አልጋ ይዤ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠኝ። ዶክተሯ ስትሸኘኝ ወደ ልጄ ዞራ «እስከ ነገ ብትጠብቁ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር» አለቻት። ልጄ ያኔ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ አባቷ በእሷ ብልሃት ተረፍኩ። ስለዚህ አንቺ ቤት የሙቀት መለኪያው ልጅሽ እጅ ይሁን፤ አንቺ እንደኔው ግትር ስለሆንሽ አላምንሽም።

ከዚያም ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። በሦስተኛው ዙር ላይ የጣቶቼ ጫፍ መደንዘዝ ጀመረ። ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ፤ ቁልፉን በዓይኔ እያየሁ ጣቴ አያገኘውም። መቀስ ይዤ እንደያዝኩ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሲስተሯ ብነግራት መድኃኒቱን ያቆሙብኛል፣ መድኃኒቱ ከቆመ ደግሞ በሽታው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ለባለቤቴም ብነግራት ሱቅ እንዳልሄድ ትከለክለኛለች ብዬ ዋጥኩት። ሲስተሯ በየዙሩ «ጣትህስ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ሰላም ነው» እላለሁ። ደብተሩ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ሰው ለራሱ ደብተር ይዋሻል እትዬ?

ደህና በተሰማኝ ቀን ሱቅ ገብቼ ጥቂት ደንበኛ እሠራ ነበር። ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሃያ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከኔ በቀር ማንም ራሳቸውን ነክቶት አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን በምላጭ ሳስተካክል፣ ሬዲዮ ከወዲያ «አለቃ!» ብሎ ጮኸ። ቁልቁል ሳይ የመምህሩ አንገት ላይ ደም ይወርዳል። ጆሯቸውን ቆርጬዋለሁ፣ እኔ ግን አልተሰማኝም። ምላጩ የት እንዳለ እጄ አያውቅም ነበር። እሳቸው ጥጡን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ በመስተዋት ውስጥ አዩኝና «ጆሮው የኔ ነው፣ ይድናል። አንተ ግን ይህን ነገር ለሐኪምህ ነግረሃል?» አሉኝ። ምላጩን ማጠብ ጀመርኩ። «ተማሪ መልሱን ሲደብቅ አውቃለሁ» አሉና እዚያው ከወንበሩ ሳይነሱ ስልክ አስደወሉኝ።

ሰኞ ሲስተሯ ፊት ቀርቤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንተ ሱቅ የሚመጣ ሰው ምላጩ ሲያሳምመው ዝም ቢልህ ትወዳለህ?» አለችኝ። አልወድም አልኳት። ዶክተሯ እጄን መረመረች፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳንቲምና ቁልፍ እንድለይ አደረገችኝ፤ አልለየሁም። ከሚሰጡኝ አራት መድኃኒቶች ጣት የሚያደነዝዘው አንዱ ብቻ ነው አለች። የእሱን መጠን ቀነሰችው፣ ሌሎቹ እንዳሉ ቀጠሉ። «ለዚህ ነው የምንጠይቅህ፤ አስቀድመህ ብትነግረኝ አስቀድሜ እቀንሰው ነበር» አለችኝ። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር። ሕክምናው አልቆመብኝም፤ እኔው ራሴ በዝምታዬ ጣቶቼን ጎዳኋቸው።

ከዚያ ምላጬን አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰባት ወር አልነካሁትም። እነዚያ ወራት ናቸው የከበዱኝ እንጂ ማስመለሱ አይደለም። ሱቁ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ እያነበብኩ ሬዲዮ ሲሠራ ማየት፣ የኔ ደንበኛ የሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማየት... ድካሙም ሌላ ነው፤ ተኝተሽ የማይወጣ ድካም ነው። ጫማዬን አስሬ ለማረፍ የምቀመጥበት ቀን ነበር። ሲስተሯ ግን «በየቀኑ ጥቂት ተራመድ» ስላለችኝ ከባለቤቴ ጋር እስከ መንገዱ መታጠፊያ እሄድ ነበር፣ በኋላ እስከ አደባባዩ፣ በኋላ እስከ ሱቁ። ስድስተኛው ዙር አለቀ። የመጨረሻውን የምርመራ ፎቶ ሲያዩት አንገቴም ደረቴም ንጹህ ሆነ። ጣቶቼ በዝግታ ተመለሱ፤ የሁለቱ ጫፍ ዛሬም ትንሽ ይደነዝዛል፣ ግን ምላጩን ያውቁታል። መጀመሪያ የላጨሁት መምህሩን ነው። እሳቸው ናቸው «ሌላኛው ጆሮዬ ቀርቷል» ብለው የተቀመጡልኝ። በየስድስት ወሩ እታያለሁ፤ ባለፈው ወርም ንጹህ ነው ብለውኛል።

እትዬ፣ የአንቺ በሽታ ከኔ ይለያል፣ መድኃኒትሽም ይለያል። እኔን ያስመለሰኝ አንቺን ላያስመልስሽ ይችላል፤ እኔን ያላመመኝ አንቺን ሊያምሽ ይችላል። ያንቺን የሚያውቁት ሐኪሞችሽ ናቸው፤ የኔ ደብዳቤ የሚጠቅምሽ ጥያቄ እንድትጠይቂያቸው ብቻ ነው። ዕጢው ወጥቷል ብለሽ መድኃኒቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ያልገባሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው። እኔ እንደገባኝ፣ ቢላ የሚያየውን ያወጣል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ዓይን የማያየው ዘር ወድቆ ከሆነ እሱን ይፈልጋል። «መርዝ ነው» ላልሽው አልዋሽሽም፣ ኃይለኛ ነው። ግን በልክ የሚሰጥ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር ነው። ጎረቤትሽ መድኃኒቱን ጀምራ አረፈች ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ ነፍሷን ይማር። ምን ያህል ቆይታ እንደጀመረች፣ በሽታው የት እንደደረሰ ግን እኔም አንቺም አናውቅም። የሌላን ሰው መጨረሻ የራስሽ መጀመሪያ አታድርጊው።

ሕፃናቱ መላጣ ሆነሽ ሲያዩሽ ይደነግጣሉ ብለሽ መጨነቅሽንም ልጅሽ ነግራኛለች። እትዬ፣ የአራት ዓመት ልጅ የሚደነግጠው ትልቅ ሰው ሲደብቀው ነው። የኔ ትንሹ መላጣዬን ባየ ቀን እርሳስ አምጥቶ ዓይንና አፍ ልሳልበት ብሎ ለመነኝ። ይልቅ የሚያሳስበኝ አፍንጫቸው ነው! ሃያ ሁለት ጉንፋናም ሕፃን እያቀፍሽ ደምሽ በወረደበት ሳምንት መዋል አይቻልም። መቼ ማስተማር እንደምትችዪ፣ መቼ ቤት መቀመጥ እንዳለብሽ ዶክተርሽን ጠይቂ። ትምህርት ቤቱ አንቺን ሁለት ወር ቢያጣ አይፈርስም፤ እኛ ግን እንፈርሳለን።

አሁን የወሰንኩትን ልንገርሽ፤ ለመከራከር አትድከሚ። የፊታችን ቅዳሜ አይደለም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት እናንተ ጋ እደርሳለሁ። ሱቁን ለሬዲዮ ሰጥቼዋለሁ። ለመጀመሪያው ዙር እኔ፣ ለሁለተኛው ባለቤቴ አብረንሽ እንሆናለን፤ ልጄም ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ ብላለች፣ የሙቀት መለኪያዋን ይዛ። እስከዚያ ጥርስሽን ታይተሽ ጠብቂኝ፣ ነጻ ጊዜ ሲኖርሽም የምትጠይቂውን ሁሉ ጻፊ። ከመጣሁ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ሁሉንም ካስረዱሽ በኋላ፣ አሁንም እምቢ ካልሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ገላው ያንቺ ነው፤ አላስገድድሽም። በሰው በኩል ግን አልቀበልሽም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ያኔ የደበቅኩሽ ላለማስጨነቅ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። እውነቱ ግን፣ ያሳደግሽው ሰው ደክሞ እንዳታዪው ነው። የመጀመሪያው ቀን መርፌው ክንዴ ላይ ገብቶ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል፣ የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር። ነርስ ትገባለች፣ አጽጂ ትገባለች፣ የሌላ ሰው ዘመድ ይገባል። እኔ ግን ቀና እላለሁ። ወደ ማብቂያው ነው ማንን እንደምጠብቅ የገባኝ። ሳልነግርሽ፣ ሳልጠራሽ፣ አንቺ ትመጪ እንደሆነ እያየሁ ነበር። አንቺ በር በሩን አታዪም። ገና ስትቀመጪ ከጎንሽ ነኝ።

ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ እሳቸውም ዝም ብለው የሚጨነቁ ሰው ናቸውና ደብዳቤውን አንብቢላቸው፣ የጣቱን ታሪክ ሳትዘዪ። ደውላ ለነገረችኝ ልጅሽ ትልቅ ምስጋና፣ በአጎቷ ስም ግንባሯን ሳሚልኝ። ወንድ ልጅሽን ፈተናውን ትቶ አንቺን ልጠብቅ እንዳይል ንገሪው፣ እሱ ይማር፣ ጠባቂ አለሽ። ለግድግዳ ተጋሪሽ ለእማማ ሰላም በይልኝ፤ የሚያመጡልሽን ቅጠል አመስግነሽ ተቀበዪና ሳትጠጪ ሲስተሮቹን ጠይቂ። ባለቤቴ፣ ትልቋና ትንሹ እጅግ ይስሙሻል። ሬዲዮም ሰላምታ ያቀርባል፤ ሊጽፍልሽ ፈልጎ ወረቀት አይበቃኝም ብሎ ነው የተወው።

ደብዳቤውን የማደርስልሽ ወደ እናንተ በሚጭን የመኪና ሹፌር እጅ ነው፤ የራሳችን ሰው ስለሆነ ውኃ አጠጪው።

የምትወጂው፣ ያሳደግሽውና የዋሸሽ ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር
ረቡዕ፣ ኅዳር 5 ቀን